ስንጥቁን በማጣበቂያ አይድፈኑት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከሰሃራ በታች ባለ ቆላማ አካባቢ፣ ሊደርቅ ጥቂት በቀረው ኩሬ ዳር አንዲት የውሃ ኤሊ አግኝተዋል። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ያህል፣ ቀለሟ ወደ ጥቁር የተጠጋ ቡናማ ነው። ሁለት ነገሮች አሳስበዋቸዋል። አንደኛ፣ አንገቷን እንደሌሎች ኤሊዎች ወደ ውስጥ አትሰበስበውም፤ ራሷን በክንፏ ሥር እንደምትደብቅ ዶሮ ወደ ጎን አጥፋ ታስቀምጠዋለች። ሁለተኛ፣ ሲገለብጧት ሆዷ ላይ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ ጫን ሲሉትም ይንቀሳቀሳል። ኩሬው ሲደርቅ ትሞታለች ብለው ወደ ቤት ወስደው በሳፋ አስቀምጠዋታል። «አንገቷ ይድናል ወይ? ስንጥቁንስ በምን ዓይነት ማጣበቂያ ብደፍነው አይጎዳትም?» ይላሉ።

ከማጣበቂያው እንጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። እባክዎ አይንኩት። ስንጥቅ ያሉት ነገር ማጠፊያ ነው፤ በርን ከመቃኑ ጋር እንደሚያያዘው ያለ ማጠፊያ። በማጣበቂያ ከደፈኑት ኤሊዋን አያድኗትም፤ ቤቷን ከፍተው በሩን በምስማር እንደ መምታት ነው የሚሆነው። አንገቷም አልተሰበረም። ከገለጻዎ እንደምረዳው በእጅዎ ያለችው ጤነኛ ኤሊ ናት።

ማጠፊያንና እውነተኛ ስብራትን ለመለየት የሚከተለውን ያድርጉ። ኤሊዋን በሁለት እጅዎ ከጎንና ከጎን ይዘው፣ በብርሃን ፊት ለአፍታ ብቻ ሆዷን ይመልከቱ። የሆድ ቅርፊቷ ከጥፍርና ከቀንድ ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ቁስ በተሠሩ ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው። ሰሌዳዎቹ የሚገናኙባቸው መስመሮች በግልጽ ይታያሉ። ማጠፊያ ከሆነ ቀጥ ብሎ ከእነዚህ መስመሮች በአንዱ ላይ ይሄዳል፤ ከግራና ከቀኝ ያለው እኩል ነው፤ በውስጡም ለስላሳ፣ ሊለጠጥ የሚችል ጅማት ያያሉ። ስብራት ግን የሰሌዳ ወሰን አያውቅም። እንደ መብረቅ እየተጠማዘዘ ሰሌዳውን ራሱን አቋርጦ ያልፋል፤ ጠርዙ ሻካራ ነው፤ አዲስ ከሆነ ደም፣ የቆየ ከሆነ መጥፎ ሽታ ወይም ፈሳሽ ይኖረዋል። እርስዎ «ልክ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል» ብለው ጽፈዋል። መልሱን ራስዎ ሰጥተውታል ማለት ነው።

ይህ ማጠፊያ ሌላም ነገር ይነግረናል። አንገቷን ወደ ጎን የምታጥፍ፣ የሆዷ የፊት ክፍል እንደ ክዳን የሚዘጋ፣ በአፍሪካ የተገኘች የውሃ ኤሊ ከሆነች ወገኗ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ ማለት ነው) ፔሉሲዮስ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1830 ያወጣላት ዮሐን ጌኦርግ ቫግለር የተባለ ጀርመናዊ የተሳቢ እንስሳት አጥኚ ሲሆን፣ የስሙ ሥር በግሪክኛ ጭቃ ማለት ነው። ለሳይንሳዊ ስም ይህን ያህል ቀጥተኛ መሆን ብርቅ ነው፤ እርስዎም ያገኟት ጭቃ ውስጥ ነበር። በወገኑ ከ15 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ትንሿ ፔሉሲዮስ ናኑስ ስታድግ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ትልቋ ፔሉሲዮስ ሲኑአቱስ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ትደርሳለች፤ የቅርፊቷ የኋላ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ስላለው በቀላሉ ትለያለች። እሷ ከሸበሌና ከጁባ ወንዞች ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ባሉ የምሥራቅ አፍሪካ ውሃዎች ትገኛለች።

አሁን ወደ አንገቷ። የዛሬ ኤሊዎች በአንገታቸው በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አብዛኞቹ፣ የየብስ ኤሊዎችን ጨምሮ፣ አንገታቸውን የሚያጥፉት ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ጭንቅላታቸው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሲገባ አንገታቸው ከውስጥ እንደ ማንጠልጠያ ይጠመዘዛል፤ ከውጭ የሚታየው አፍንጫ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጎራ ጎነ አንገት የምንለው ነው፤ የእርስዎ ኤሊ ከዚህ ናት። እነዚህ አንገታቸውን እንደ ወንዝ ጠመዝማዛ በአግድም ያጥፉና ጭንቅላታቸውን በጀርባና በሆድ ቅርፊት መካከል ባለው ክፍተት፣ ከትከሻቸው ፊት ያስቀምጡታል። የአንገት አንጓዎቹ ቁጥር በሁለቱም ጎራ ስምንት ነው። ልዩነቱ አንጓዎቹ እርስ በርስ የሚገጣጠሙበት ቅርጽ ላይ ነው፤ የአንደኛው ጎራ አንገት ሌላኛው በሚታጠፍበት አቅጣጫ እንዲታጠፍ ቢገደድ በእርግጥም ይሰበራል። ስለዚህ ጭንቅላቷን በጣትዎ ገፍተው «ለማስገባት» ሞክረው ከሆነ ሁለተኛ እንዳይሞክሩ።

«ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የምታጥፈው» ያሉትም አያስጋዎት። በሁለቱም በኩል ታጥፋለች። ምናልባት እርስዎ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ስለሚቆሙ፣ ከእርስዎ ርቆ ወደሚገኘው ጎን እየዞረች ሊሆን ይችላል።

ጎነ አንገቶቹ ዛሬ በብዛት የሚኖሩት በደቡቡ የዓለም ክፍል ነው፤ በአፍሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በደቡብ አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ። ሁሉም የጨው አልባ ውሃ ነዋሪዎች ናቸው። ጥንት ግን በባሕር ዳርቻ የኖሩም ነበሩ። በዛሬዋ ቬኔዙዌላና ኮሎምቢያ ምድር የኖረችው፣ ዛሬ የጠፋችው ስቱፔንዴሚስ ደግሞ የጀርባ ቅርፊቷ 2 ሜትር ከ40 ደርሶ ነበር። የኤሊ ዘር ሲጀመር ሁለቱም ዓይነት አንገት አልነበረም። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረችውና አጽሟ በጀርመን የተገኘው ፕሮጋኖኬሊስ አንገቷን እንደ ዛሬዎቹ ማስገባት አትችልም ነበር፤ በምትኩ አንገቷ ላይ እሾህ ነበራት።

እዚህ ላይ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ነገር አለ፤ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ አንድ አጥንት ላይ ይገናኛሉ። ጎነ አንገት ኤሊዎችን ከሌሎቹ የሚለያቸው አንገታቸው ብቻ አይደለም። የዳሌ አጥንታቸው ከላይ ከጀርባ ቅርፊት፣ ከታች ደግሞ ከሆድ ቅርፊት ጋር ተጣብቆ ያድጋል። በሌሎቹ ኤሊዎች ዳሌው በጅማት የተያዘ ነው፤ አጽሙን ቢያጸዱት ከቅርፊቱ ይለያል። የፔሉሲዮስ ዳሌ ግን በመጋዝ ካልሆነ አይለይም። ጭንቅላትና አንገት የሌለው ባዶ ቅርፊት ቢያመጡልኝ እንኳ ውስጡን በባትሪ ብርሃን አይቼ፣ የዳሌው ምሰሶዎች ወለሉን ከጣሪያው ጋር አያይዘው ከቆሙ ጎነ አንገት ናት እላለሁ።

ታዲያ ይህ ከማጠፊያው ጋር ምን አገናኘው? የሰሜን አሜሪካዋ ሳጥን ኤሊም ሆዷ ላይ ማጠፊያ አላት። በእሷ ዘንድ የፊቱም የኋላውም ክፍል ይነሳል፤ ከፊት ከኋላ ተዘግታ እውነትም እንደ ሳጥን ትሆናለች። ፔሉሲዮስ ይህን ማድረግ አትችልም። የሆዷ የኋላ ክፍል ከዳሌዋ ጋር አንድ አጥንት ሆኗልና ከቦታው ፈቀቅ አይልም። የቀራት የፊቱ ብቻ ነው። እርስዎም ጫን ሲሉ የተንቀሳቀሰው ወደ ጭንቅላቷ ያለው ክፍል ብቻ መሆኑን ልብ ብለው ይሆናል። ስትዘጋ ጭንቅላቷና የፊት እግሮቿ ከክዳኑ በስተጀርባ ይቀራሉ፤ የኋላ እግሮቿና ጅራቷ ግን በጠባቡ ክፍተት ተሸጉጠው ይቆያሉ እንጂ አይቆለፍባቸውም። ጎን ለጎን የታጠፈ አንገት አንድ ጎኑ ለውጭ የተጋለጠ ነው፤ አንገታቸው በጣም የረዘመ የአውስትራሊያ ዘመዶቿ በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አይደበቁም። የፔሉሲዮስ አንገት አጠር ያለ ሲሆን፣ የተጋለጠውን ጎን ክዳኑ ይጋርድላታል።

ማጠፊያ መሥራት ለኤሊ ዘር አዲስ ብልሃት አይደለም። የአሜሪካዋ ሳጥን ኤሊ፣ በእስያ ያሉ ማጠፊያ ያላቸው ኤሊዎችና የአፍሪካዋ ፔሉሲዮስ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የደረሱበት ነው። በአፍሪካ ውስጥ ደግሞ ማጠፊያውን ጀርባዋ ላይ ያደረገች የየብስ ኤሊም አለች፤ ኪኒክሲስ ትባላለች፤ የምትዘጋውም የኋላዋን ነው። አንዷ ደጃፏን፣ ሌላዋ ጓሮዋን።

ክዳኑ ሲዘጋ ይስሙት። «ሽሽ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ብዙ ሰው እንደ እባብ ልታስፈራራ ነው ብሎ ይለቃታል። ድምፁ ከሳንባዋ የሚገፋ አየር ብቻ ነው። የኤሊ የጎድን አጥንት ከቅርፊቷ ጋር ስለተዋሐደ ደረቷ አይሰፋም፤ በአንድ የተወሰነ ሣጥን ውስጥ እግርና አንገት ሲገባ አየሩ ቦታ መልቀቅ አለበት። አንድ ምክር ጨምሬ ልለፍ፦ ጣትዎን በክዳኑና በጀርባው ቅርፊት መካከል አያስገቡ። በጀማሪነቴ ዘመን፣ ጭንቅላቷ ላይ ያሉትን ቅርፊቶች ልቆጥር ብዬ አንዲቱን ስትዘጋ በአመልካች ጣቴ ከልክያት ነበር። አልደማሁም፤ ነገር ግን እስክትከፍት ድረስ ለሩብ ሰዓት ያህል ሁለታችንም እዚያው ተቀምጠን ጠበቅን። ጎትቼ ማውጣት እችል ነበር፤ እሷን መጉዳት አልፈለግሁም።

ሆዷ ላይ ማጠፊያ የሌላት፣ ከዚያ በቀር የእርስዎን የምትመስል ኤሊ ወደፊት ካጋጠመዎት ፔሎሜዱሳ ናት፤ የዚሁ አስተኔ (የተቀራረቡ ወገኖች ስብስብ) ሁለተኛ ወገን። የሁለቱም አገጭ ሥር ሁለት ትናንሽ የሥጋ ጢሞች አሉ። በዱር ሁለቱን የምለየው በመጀመሪያ በሆድ፣ ቀጥሎ በሽታ ነው፤ ፔሎሜዱሳ ስትቆጣ የምትለቀው ሽታ ልብስ ላይ ሰንብቶ ያሳፍራል። ለረጅም ጊዜ ፔሎሜዱሳ አንድ ዝርያ ብቻ ናት ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የዘር ቅንጣት (ዲ.ኤን.ኤ.) ምርመራን መሠረት አድርገው ተመራማሪዎች ቢያንስ 10 ዝርያዎች ናት አሉ። ከውጭ ሲታዩ እርስ በርስ ይህን ያህል ይመሳሰላሉ ማለት ነው።

«ኩሬው ሲደርቅ ትሞታለች» ብለው መውሰድዎ ከደግነት የመነጨ ነው፤ አስፈላጊ ግን አልነበረም። የፔሉሲዮስ ብዙዎቹ ዝርያዎች በሚደርቅ ውሃ ውስጥ መኖርን ተክነውበታል። ውሃው ሲጎድል ከሁለት አንዱን ታደርጋለች። ወይ በእግሯ ተነስታ ሌላ ውሃ ትፈልጋለች፤ ወይ ጭቃው ገና ለስላሳ ሳለ ትቆፍርና ትቀበራለች። ከዚያ ጭቃው በላይዋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ከብት ሊረግጠው፣ ሰው ሊሻገረው ይችላል። እሷ ከሥር ሰውነቷ የሚፈጀውን ኃይል እጅግ ቀንሳ፣ ሳትበላ ዝናቡን ትጠብቃለች። ዝናብ ሲመጣና ውሃው ወደ ስንጥቁ ሲሰርግ ትወጣለች። የደረቀ ኩሬ አፈር ሲቆፈር ሕያው ኤሊ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ ሲያገኟት እግሮቿና ጀርባዋ ጭቃ የለበሱ መሆናቸውን ጽፈዋል፤ እኔ እንደምገምተው ልትቀበር ጀምራ ነበር።

ምን እንደምትበላ ጠይቀዋል፤ «ሰላጣ ሰጠኋት፣ አልነካችውም» ብለዋል። ትክክል ናት። ፔሉሲዮስ በአብዛኛው ሥጋ በል ናት፦ ቀንድ አውጣ፣ ትል፣ የውሃ ነፍሳት፣ የእንቁራሪት ግልገል፣ የሞተ ዓሣ። አበላሏ መታየት ያለበት ነው። ወደ ምግቡ በዝግታ ትጠጋለች፤ አንገቷ በጎን ታጥፎ ይቆያል፤ ከዚያ በድንገት ይወነጨፋል፤ በዚያው ቅጽበት ጉሮሮዋን ከረጢት እንደሚነፋ ሰው ታሰፋዋለች፤ ውሃው ምግቡን ይዞ ወደ አፏ ይገባል። ከዚያ ምግቡን ይዛ ውሃውን ትተፋለች። ምግቡ ትልቅ ከሆነ በመንጋጋዋ ይዛ በፊት እግሮቿ ጥፍር ትቦጭቀዋለች። በዚህ አስተኔ ካሉ ኤሊዎች ውስጥ ጭቃ ውስጥ የተኙ አውራሪሶችንና ጎሾችን ተጠግተው መዥገር ሲለቅሙ የታዩም አሉ። አንገትን ማጠፍ የተጀመረው ለመደበቅ ሳይሆን እንዲህ ጭንቅላትን ለመወርወር ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ስትበላ ላየ ሰው ሐሳቡ ሩቅ አይመስልም።

ሴት ይሁን ወንድ ለማወቅ ጅራቷን ይዩ፤ የወንዱ ረጅምና ከሥሩ ወፍራም ነው። ፆታቸው የሚወሰነው በእንቁላልነት ዘመናቸው በአፈሩ ሙቀት ነው። በዚህ አስተኔ በተመረመሩት ዝርያዎች እንደታየው፣ ቀዝቀዝ ባለ አፈርም በጣም በሞቀ አፈርም ሴቶች ይፈለፈላሉ፤ ወንዶቹ የሚገኙት በመካከለኛው ሙቀት ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? ዛሬ ካልቻሉ ነገ ይመልሷት፤ ያገኙባት ቦታ ላይ። እስከዚያው የሳፋው ውሃ ጥልቀት አንገቷን ስትዘረጋ አፍንጫዋ ከውሃ በላይ የሚደርስበት ይሁን፤ ወጥታ የምታርፍበት አንድ ድንጋይ ያኑሩላት። ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን የምታዘነብል ከሆነ ወይም ከአፍንጫዋ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ሳንባዋ ታሞ ሊሆን ይችላልና ከመመለስዎ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። እሷን ከነኩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሳፋውንም ከወጥ ቤት ያርቁ። ኤሊዎች ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ይሸከማሉ። ሕፃናት በብዛት ታመው፣ ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ የከለከለችው በዚህ ነው። ስትለቋት ወደ ውሃው አይወርውሩ፤ ጭቃው ዳር አስቀምጠው ይራቁ። ሰው እስኪርቅ ድረስ ክዳኗን አትከፍትም።

«ወደማይደርቅ ሐይቅ ብወስዳትስ?» የሚለውን ሐሳብዎን ግን አልስማማበትም። ምክንያቴን በአንድ ታሪክ ላስረዳ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አንድ ጀርመናዊ የእንስሳት ተመራማሪ ከሲሼልስ መጡ የተባሉ ሦስት ኤሊዎችን ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች አስገባ። እ.ኤ.አ. በ1906 የሲሼልስ ልዩ ኤሊ ተብለው ስም ወጣላቸው፤ ቆይቶም ፔሉሲዮስ ሲሼለንሲስ የተባለ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በደሴቶቹ ላይ ቢፈለግ ቢፈለግ አንድም አልተገኘም፤ በመጨረሻ ከምድር ጠፍታለች ተብሎ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሙዚየሙ ናሙና የዘር ቅንጣት ተወስዶ ሲመረመር ከምዕራብ አፍሪካዋ ፔሉሲዮስ ካስታኔዉስ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። የጠፋ ዝርያ አልነበረም፤ ዝርያው ራሱ አልነበረም። ወይ ሰው ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ደሴቱ ወስዷቸው ነበር፣ ወይ ሙዚየም ውስጥ የመገኛ ወረቀታቸው ተደባልቋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሳይንስን ያሳሳቱት ከቦታቸው የተነሱ ሦስት ኤሊዎች ናቸው። የእርስዎም ሐይቅ የራሱ ኤሊዎች፣ የራሱ በሽታዎች ሊኖሩት ይችላል፤ የቱርካና ሐይቅን ብናይ ከእሱ ዳርቻ ውጭ የማትታወቅ ፔሉሲዮስ ብሮድሊ የተባለች ዝርያ አለችው።

ዝርያዋን በትክክል ልንገርዎ ብል እዋሽዎታለሁ፤ ጥቁር ቡናማና ስንዝር የምትሆን ፔሉሲዮስ ከአንድ በላይ ናት፤ የት እንዳገኟትም በስም አልጻፉም። ከመልቀቅዎ በፊት ሦስት ፎቶዎች ያንሱልኝ። አንዱ ሆዷን ቀጥ ብሎ ከላይ፣ ማጠፊያውና በሁለቱም በኩል ያሉት ሰሌዳዎች ሙሉ ሆነው እንዲታዩ፤ ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሌላው ጀርባዋን፣ በተለይም የኋላ ጠርዟን። ሦስተኛው ጭንቅላቷን ከጎን፤ ለዚህኛው ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ሳፋው ውስጥ አስቀምጠው ጥላዎ ሳያርፍባት ይጠብቁ፣ ራሷ ትዘረጋዋለች። ከፎቶዎቹ ጋር የኩሬውን ቦታና ውሃው ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚፈስ ይጻፉልኝ።